አል-ጀዘሪ

አቡ አል-ዒዝ ኢብን ኢስማዒል ኢብን አር-ረዛዝ አል-ጀዘሪ (ብዙ ጊዜ 1136 – 1206 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፋል) በላይኛው ሜሶፖታሚያ፣ ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በምትገኘው ዲያርባክር ከተማ በቤተ መንግሥት ያገለገለ መሐንዲስ፣ የእጅ ጥበብ ባለሙያና ደራሲ ነበር። የሚታወቀው በ1206 በፈጸመው የመሣሪያዎች መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ 50 መሣሪያዎች ከነሥዕላቸውና ከነአሠራራቸው ተገልጸዋል። ከነሱም መካከል በየሰዓቱ በር የሚከፍት የውኃ ሰዓት፣ በዝሆን ጀርባ ላይ የተሠራ ሰዓት፣ እንግዳን የሚያስታጥብ ጣዎስና በኩሬ ላይ እየተንሳፈፈ ሙዚቃ የሚጫወት ጀልባ ይገኙበታል።

አል-ጀዘሪ ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና መካኒክን በአንድ ዕቃ ላይ ያዋሐደ ሰው ነው። መሣሪያዎቹ ጊዜ ይቈጥራሉ ወይም ውኃ ይቀዳሉ፤ ያንኑ ሥራ ሲሠሩ ግን ለተመልካች ትርዒት ያሳያሉ፣ አንዳንዶቹም ሰው ሲነካቸው መልስ ይሰጣሉ። ከእጁ የወጡት መሣሪያዎች ጠፍተዋል። ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየው እያንዳንዱን ክፍል ከነመጠኑ ጽፎ መተዉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙና አገሩ

«አል-ጀዘሪ» ማለት «የጀዚራ ሰው» ማለት ነው። ጀዚራ በዐረብኛ ደሴት ሲሆን፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ያለው አገር ሰሜናዊ ክፍል በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በጤግሮስ ዳር ያለችው የዛሬዋ ጂዝሬ ከተማም በዚያ ዘመን ጀዚረት ኢብን ዑመር ትባል ስለነበር፣ የተወለደው እዚያ ነው የሚል አስተያየት በሰፊው ይሰማል። «ባዲዕ አዝ-ዘማን» የሚል የክብር ስምም ነበረው፤ ትርጉሙ «የዘመኑ ድንቅ» እንደ ማለት ነው።

ስለ ሕይወቱ የሚታወቀው ሁሉ ማለት ይቻላል የተገኘው እሱ ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ከጻፈው ነው።

በአርቱቅ ቤተ መንግሥት

በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዲያርባክርና አካባቢዋ አርቱቂድ በሚባለው የቱርክመን ሥርወ መንግሥት እጅ ነበሩ። አርቱቂዶች ትንሽ መንግሥት ነበሩ፤ በዙሪያቸው ከነሱ የሚበልጡ ኃይሎች ነበሩ። ዲያርባክርንም (በዚያን ጊዜ አሚድ ትባል ነበር) ያገኙት በ1183 ሳላዲን ከተማዋን ይዞ ለኑር አድ-ዲን ሙሐመድ ከሰጠው በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ቤተ መንግሥት ውስጥ አስደናቂ መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ መኖሩ ከጌጥ ያለፈ ትርጉም ነበረው። በአደባባዩና በግብዣው ላይ የሚታየው ነገር ለእንግዶችና ለመልእክተኞች የገዢውን ሀብትና እውቀት ይናገራል።

አል-ጀዘሪ አገልግሎቱን የጀመረው በ570 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1174 ወይም 1175 ነው። መጀመሪያ ኑር አድ-ዲን ሙሐመድን፣ ቀጥሎ ልጁን ቁጥብ አድ-ዲን ሱቅማንን፣ በመጨረሻም የሱቅማንን ወንድም ናስር አድ-ዲን ማሕሙድን አገልግሏል። መጽሐፉን እንዲጽፍ ያዘዘው ናስር አድ-ዲን ነው። በመግቢያው እንደተገለጸው ንጉሡ የአል-ጀዘሪን ሥራዎች ተመልክቶ ይህ ሁሉ ድካም ከሠሪው ጋር አብሮ እንዳይጠፋ ሰጋ፤ ስለዚህ ሥራዎቹን ከነአሠራራቸው በጽሑፍ እንዲያሰፍር አዘዘው። ይህ ሲሆን አል-ጀዘሪ ለቤተሰቡ 25 ዓመት ያህል አገልግሎ ነበር።

ከእሱ በፊት የነበሩት

አል-ጀዘሪ የጀመረው ከባዶ አልነበረም፤ እሱም ይህን አልደበቀም። በመጽሐፉ ውስጥ ቀደምቶቹን በስም እየጠራ ከማን ምን እንደወሰደና የቱ ላይ እንዳሻሻለ ይጽፋል። በአርኪሜድስ ስም ይዞር የነበረን የውኃ ሰዓት ጽሑፍ ያውቅ ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የኖሩትን ሦስቱን ወንድማማቾች፣ የሙሳ ልጆች (በኑ ሙሳ) የሚባሉትንም ይጠቅሳል። እነዚህ ወንድማማቾች ከ300 ዓመት በላይ ቀድመውት ችንካር ባለው ሲሊንደር የሚታዘዝ፣ በራሱ የሚነፋ ዋሽንት ገልጸው ነበር።

በሱ ዘመንም በደማስቆ በታላቁ የኡመያድ መስጊድ በር አጠገብ ሕዝብ የሚያየው ትልቅ የውኃ ሰዓት ቆሞ ነበር። ሰዓቱን የሠራው ሙሐመድ አስ-ሳዓቲ ሲሆን፣ ልጁ ሪድዋን አድሶት በ1203 ስለ አሠራሩ መጽሐፍ ጽፏል። በአደባባይ ቆሞ የሚንቀሳቀስና ድምፅ የሚያሰማ ሰዓት እንግዲህ በዚያ አካባቢ የታወቀ ነገር ነበር። አል-ጀዘሪ የጨመረው የትክክለኝነትን ጥረትና የአገላለጽን ጥራት ነው።

መጽሐፉ

መጽሐፉ በተለምዶ «የረቂቅ መካኒካዊ መሣሪያዎች እውቀት መጽሐፍ» በሚል ትርጉም ይታወቃል። የተጻፈው በዐረብኛ ነው። በስድስት ክፍሎች ይከፈላል፦

1. የውኃና የሻማ ሰዓቶች (10)
2. ለመጠጥ ግብዣ የሚሆኑ ዕቃዎችና ምስሎች (10)
3. ለመታጠቢያ፣ ለውዱእና ደም በሚቀዳበት ጊዜ ደሙን ለመለካት የሚያገለግሉ ማንቆርቆሪያዎችና ሳህኖች (10)
4. ቅርጻቸውን የሚለዋውጡ ፏፏቴዎችና ሳያቋርጡ የሚነፉ ዋሽንቶች (10)
5. ውኃ ማንሻ መሣሪያዎች (5)
6. ልዩ ልዩ ሥራዎች (5)

ለእያንዳንዱ መሣሪያ መጀመሪያ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስልና ምን እንደሚሠራ ይነገራል። ከዚያ ክፍሎቹ አንድ በአንድ እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚገጠሙ ይተረካል። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ክፍሎች በፊደላት የተለዩ ስለሆኑ አንባቢው ከጽሑፉ ወደ ሥዕሉ እየተመላለሰ መከተል ይችላል።

የግንቡ ሰዓት

በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁና ውስብስቡ መሣሪያ የግንብ ቅርጽ ያለው የውኃ ሰዓት ነው። ቁመቱ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ከላይ 12ቱን የዞዲያክ ምልክቶች፣ ፀሐይንና ጨረቃን የሚያሳይ ክብ አለ። ከሱ በታች ባለው የበሮች መደዳ ፊት ለፊት ትንሽ የማጭድ ቅርጽ ያለው ጨረቃ ቀስ እያለ ይጓዛል። አንድ ሰዓት በሞላ ቁጥር አንድ በር ይከፈትና ምስል ብቅ ይላል። በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት የናስ ጭልፊቶች ጎንበስ ብለው ከአፋቸው ኳስ ወደ ዕቃ ይጥላሉ፤ የኳሱም ድምፅ ሰዓቱን ይናገራል። በታች የቆሙት አምስት ሙዚቀኞች፣ ሁለት ከበሮ መቺዎች፣ ሁለት መለከት ነፊዎችና አንድ የናስ ሳህን አጋጪ፣ በተወሰኑ ሰዓቶች ይጫወታሉ።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው በማጠራቀሚያ ውስጥ ያለ ከባድ ተንሳፋፊ ነው። ውኃው በቀጭን ቀዳዳ እየወጣ ሲቀንስ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ በገመድም ከበሮቹ ጀርባ የተደበቀውን ትንሽ ጋሪ ይጎትታል። ችግሩ ግን ማጠራቀሚያው ሙሉ ሲሆን ውኃው በኃይል፣ ሲጎድል ደግሞ በዝግታ መፍሰሱ ነው። አል-ጀዘሪ ለዚህ ከቀደምቶች የተወረሰ መፍትሔ ተጠቅሟል። ውኃው መጀመሪያ ወደ ትንሽ ክፍል ይገባል፤ በዚያ ያለው ተንሳፋፊ መጠኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ዛሬ በውኃ ታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ውጤቱ መልሶ መነሻውን የሚቆጣጠርበት ይህ አሠራር አሁን በቁጥጥር ምህንድስና «ፊድባክ» ይባላል።

ሁለተኛው ችግር ከሰዓት አቆጣጠሩ የመጣ ነው። በዚያ አገር ቀኑ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ በ12 እኩል ሰዓት ይከፈል ነበር። ለኢትዮጵያ አንባቢ ከንጋት ጀምሮ መቁጠር እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት በክረምትና በበጋ ብዙ አይለያይም። ዲያርባክር ወደ 38 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። እዚያ በዓመቱ ረጅም ቀን አንድ «ሰዓት» ወደ 74 የአሁን ደቂቃዎች፣ በአጭሩ ቀን ደግሞ ወደ 48 ደቂቃዎች ይሆናል። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ ፍጥነቱ መስተካከል ነበረበት።

አል-ጀዘሪ ከሱ በፊት የነበሩትን የፍጥነት ማስተካከያዎች ሠርቶ ሞከራቸውና ትክክል ሆነው አላገኛቸውም። በምትካቸው የራሱን በሙከራ የተለካ ክብ ሳህን ሠራ። በሳህኑ ላይ የዞዲያክ ዲግሪዎች ተጽፈዋል፤ ጠባቂው ሳህኑን ወደ ዕለቱ ዲግሪ ሲያዞር የውኃ መውጫው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ፍጥነቱም ይለወጣል። በኮምፒውተር ቋንቋ ብንናገር፣ መሣሪያው አንድ ሆኖ የሚሰጠው ግብዓት በየቀኑ ይለያያል ማለት ነው።

የዝሆኑ ሰዓት

ከሥራዎቹ በይበልጥ የታወቀው የዝሆኑ ሰዓት ነው። በዝሆኑ ሆድ ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። በውኃው ላይ ከታች ቀዳዳ ያለው ሳህን ይንሳፈፋል፤ ሳህኑ ቀስ በቀስ ውኃ እየገባበት ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ይሰምጣል። ሳህኑ ሲወርድ በዝሆኑ ጀርባ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ይዞራል፣ ብዕሩም የደቂቃዎቹን ማለፍ በምልክቶች ላይ ያሳያል። ሳህኑ ሲሰምጥ ደግሞ ከላይ ኳስ ይለቀቃል። በጉልላቱ ላይ ያለው ወፍ ይዞራል፣ ጭልፊቱ ኳሱን ወደ እባቡ አፍ ይጥላል፣ እባቡም በኳሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። እባቡ ሲወርድ የሰመጠውን ሳህን ስቦ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ የዝሆኑ ነጂም ዝሆኑን ይመታል። እባቡ ኳሱን ጥሎ ወደ ቦታው ሲመለስ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል። ሰዓቱ ኳሶቹ እስኪያልቁ ድረስ ራሱን በራሱ እያዘጋጀ ይቀጥላል።

መልኩም የታሰበበት ነው። ዝሆኑ ሕንድን፣ እባቦቹ የቻይናን ድራጎን፣ የውኃው ጥበብ ግሪክን ያስታውሳል፤ ምስሎቹ ደግሞ የአካባቢውን ልብስ ለብሰዋል። በንግድ መንገዶች መጋጠሚያ ላይ ለነበረ ቤተ መንግሥት ይህ የሚያውቀውን ዓለም በአንድ ዕቃ ላይ ማሳየት ነበር።

አስታጣቢው ጣዎስ

በአገራችን ከምግብ በፊት ለእንግዳ በማንቆርቆሪያ ውኃ እያፈሰሱ ማስታጠብ እንደተለመደው ሁሉ፣ በአርቱቂዶች ቤተ መንግሥትም ይህ የአሽከር ሥራ ነበር። ናስር አድ-ዲን ግን ለውዱእ ሲታጠብ አሽከር ወይም ገረድ ውኃ እንድታፈስለት አይወድም ነበርና አል-ጀዘሪ በራሱ የሚያፈስ ዕቃ እንዲሠራለት ጠየቀው። በመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ያሉት በርካታ ዕቃዎች ለዚህ ዓይነት ጉዳይ የተሠሩ ናቸው።

ከነሱ አንዱ የጣዎስ ቅርጽ አለው። ታጣቢው ከጭራው ላይ ያለውን መክፈቻ ሲስብ ከወፉ አፍ ውኃ ይፈስሳል። እጣቢው በታች ባለው ሳህን በኩል ወደተደበቀ ክፍል ይወርዳል። ክፍሉ ሲሞላ ተንሳፋፊ ይነሣና አንድ በር ይከፈታል፤ የአሽከር ምስልም ሳሙና ይዞ ይወጣል። ውኃው ሲጨምር ሁለተኛው ተንሳፋፊ ይነሣል፣ ሌላ አሽከርም ፎጣ ይዞ ይቀርባል። መሣሪያው የሚሠራው ሰው ሲጠቀምበት ነው፤ የሚቀጥለውን እርምጃ የሚያውቀውም ታጣቢው ከፈጀው ውኃ ነው። ዛሬ ሰው ሲነካቸው ወይም ሲቀርባቸው መልስ የሚሰጡ የጥበብ ሥራዎች በሴንሰርና በኮምፒውተር የሚያደርጉትን፣ ይህ ዕቃ በተንሳፋፊና በገመድ አድርጎታል።

የሙዚቀኞቹ ጀልባ

ለግብዣ የተሠራው ጀልባ በቤተ መንግሥቱ ኩሬ ላይ ይንሳፈፋል። በላዩ በገና ደርዳሪ፣ ዋሽንት ነፊና ከበሮ መቺዎች ተቀምጠዋል። የተከማቸው ውኃ በየተወሰነ ጊዜ ሲለቀቅ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሩ የሚያዞረው ዘንግ ላይ ችንካሮች አሉ። ችንካሮቹ የሙዚቀኞቹን እጆች የሚያንቀሳቅሱ ማንሻዎችን በየተራ ይመታሉ።

የሮቦቲክስ ተመራማሪው ኖኤል ሻርኪ የከበሮ መቺውን ክፍል ሞዴል ሠርቶ የችንካሮቹ ቦታ ሲለወጥ ምቱም እንደሚለወጥ አሳይቷል፤ ስለዚህ ጀልባውን ቀደምት ፕሮግራም ሊደረግ የሚችል መሣሪያ ብሎታል። መሣሪያው ይህን መቻሉ አንድ ነገር ነው፤ አል-ጀዘሪ ምቱን ለመቀያየር አስቦ ሠራው ማለት ግን ሌላ ነው። በችንካር የሚታዘዝ ሙዚቃም፣ ከላይ እንደተጠቀሰው፣ ከሱ በፊት በሙሳ ልጆች መጽሐፍ አለ።

ውኃ ማንሻዎቹ

አምስተኛው ክፍል ለዕለት ኑሮ የሚጠቅም ነው። ከአምስቱ መሣሪያዎች በአንዱ የእንጨት ላም በኩሬ ላይ ስትዞር ትታያለች፣ ውኃ የምታወጣውም እሷ ትመስላለች። በእውነቱ ግን ሥራውን የሚሠራው ከወለሉ በታች በውኃ ኃይል የሚሽከረከር መዘውር ነው፤ ላሟ ለተመልካች የተቀመጠች ናት።

አምስተኛው መሣሪያ ሁለት ሲሊንደር ያለው ፓምፕ ነው። በወንዝ ውኃ የሚሽከረከር መዘውር ጥርስ ባለው ጎማ በኩል አንድ ዘንግ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። ዘንጉ በተቃራኒ አቅጣጫ የተቀመጡ ሁለት የመዳብ ፒስተኖችን ስለሚገፋ፣ አንዱ ውኃ ሲስብ ሌላው ያስወጣል። ቫልቮቹ ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያደርጋሉ። የክብ እንቅስቃሴን ወደ ምልልስ መለወጥ፣ የመምጠጫ ቧንቧና የሁለት ፒስተኖች መፈራረቅ በአንድ መሣሪያ ላይ መገናኘታቸው የምህንድስና ታሪክ ጸሐፊዎችን ትኩረት ስቧል።

አንዳንድ ጽሑፎች ክራንክን የፈለሰፈው አል-ጀዘሪ ነው ይላሉ። ይሁንና በዛሬዋ ቱርክ በሂየራፖሊስ የተገኘ የ3ኛው መቶ ዘመን የድንጋይ ቅርጽ ክራንክና አገናኝ ዘንግ ያለው የመጋዝ ማሽን ያሳያል።

የአሠራር ዘዴው

አል-ጀዘሪ ከሒሳብ ሊቅነት ይልቅ የወርክሾፕ ሰው ነበር። ከሥራው በፊት ሞዴል ይሠራ ነበር። እንጨት እንዳይጣመም ስስ ጣውላዎችን ደራርቦ ያጣብቅ ነበር። መዘውሮች አንድ ወገን እንዳይከብዳቸው ሚዛናቸውን ይፈትሽ፣ ቫልቮች ውኃ እንዳያሳልፉ በሻካራ የድንጋይ ዱቄት አፋጭቶ ያስማማ ነበር። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችን መጠን የሚወስነው እየሞከረ በመለካት ነው። ለዲያርባክር ቤተ መንግሥትም ከቀለጠ ናስ የተሠራ ትልቅ በር እንዳበጀ ጽፎ የአሸዋ ቅርጽ አወጣጡን አስረድቷል። በዚሁ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ አራት የሚዞሩ የፊደል ሳህኖች ያሉት፣ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ሣጥንም አለ።

ከሞተ በኋላ

መጽሐፉ ከተፈጸመበት ከ1206 የተገለበጠ ቅጂ ዛሬ በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። በኋላ ብዙ ቅጂዎች ተሠርተዋል። በ1315 ከተጻፈው ቅጂ ገጾቹ ተበታትነው በልዩ ልዩ ሙዚየሞች ሲቀመጡ፣ የዝሆኑ ሰዓት ሥዕል ያለበት ገጽ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። ሥዕሎቹ ብዙ ዘመን ከምህንድስና ይልቅ በሥዕልነታቸው ይፈለጉ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጀርመን ሊቃውንት ኤይልሃርት ቪደማንና ፍሪትስ ሃውዘር የመጽሐፉን ክፍሎች ተረጐሙ። በ1974 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዶናልድ ሂል ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም የግንቡ ሰዓት እንደ መጽሐፉ ተሠርቶ በሚገባ ሠራ። በዱባይ ኢብን ባቱታ የገበያ ማዕከልም የዝሆኑ ሰዓት ትልቅ ቅጂ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ያየዋል።

ግምገማ

አል-ጀዘሪ በብዙ ጽሑፎች «የሮቦቲክስ አባት» ይባላል። ከላይ እንደታየው ግን ክራንኩም፣ ተንሳፋፊ ቫልቩም፣ በችንካር የሚታዘዘው ሙዚቃም ከሱ በፊት ነበሩ፤ እሱም ለቀደምቶቹ ድርሻቸውን ሰጥቷል። የሱ ልዩነት ሌላ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የእጅ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በማየት ይተላለፍ ነበር፤ ሙያተኛው ሲሞት ምስጢሩም ሊሞት ይችላል። አል-ጀዘሪ ግን መጠኑን፣ የሚሠራበትን ማዕድን፣ የአገጣጠሙን ቅደም ተከተልና ያልተሳካውን ሙከራ ጭምር ጻፈ። የአርቱቂዶች ቤተ መንግሥት ፈርሶ ሰዓቶቹ ከጠፉ በኋላ፣ ከ770 ዓመት በኋላ የተነሡ ሰዎች ያላዩትን መሣሪያ ሠርተው ውኃ ቢሞሉበት በሮቹ በየሰዓቱ የተከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው።